ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም
(በራዲዮ ከተሰማው ሳምንታዊ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ በስሙ ሲጠሩት አዲስ ይመስላል፤ በግብሩ ሲመለከቱት ግን ከመዝገብ ቤትና ከጽሕፈት ጠረጴዛ ያልራቀ ነው። ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን መሣሪያ በየሳምንቱ፣ በየወሩና በየሩብ ዓመቱ ለሚደጋገመው የቢሮ ሥራችን በምን ዓይነት ቋሚ ሥርዓት ልንገለገልበት እንችላለን የሚል ነው። ስለ መሣሪያው ተአምር የሚያወሩ ብዙዎች ናቸው፤ አስፈሪነቱን የሚናገሩም አይጠፉም። እኔን ያሳሰበኝ በሁለቱ መካከል ያለው ሰው ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮው ሲገባ ያልተመለሱ ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ተከምረው የሚጠብቁትን የመንግሥት ሠራተኛ ማለቴ ነው።

አስቀድሜ በአዊ ዞን፣ በእንጅባራ ከተማ ስሠራ የደረሰብኝን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጊዜው የጥር መግቢያ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሁለተኛ ሩብ ታኅሣሥ 30 ቀን ተዘግቶአል። ከዳንግላ፣ ከባንጃ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከአንከሻ ጓጉሳ፣ ከጓንጓ፣ ከጃዊና ከሌሎቹም ወረዳዎች የሚመጣውን ሪፖርት አንድ አድርጎ ወደ በላይ አካል ማቅረብ የኔ ክፍል ተግባር ነበር። ሪፖርቱ ግን እንደ ወረዳዎቹ ብዛት መልኩም ብዙ ነው፤ አንዱ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት፣ አንዱ በቴሌግራም፣ አንዱ በኤክሴል ሰንጠረዥ፣ አንዱም በስልክ በቃል ይደርሰናል። ይህን ሁሉ አስተካክሎ መጻፍ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ቀኑ ስለ ጠበበብኝ፣ የደረሰኝን ሁሉ እንዳለ ሰብስቤ ለመሣሪያው ሰጠሁና «ጥሩ ሪፖርት አድርገህ ጻፍልኝ» አልሁት። ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሰባት ገጽ ጻፈልኝ። አማርኛው ያማረ፣ ሰንጠረዡ የተሟላ፣ መደምደሚያውም የሚያኮራ ነበር። በማግሥቱ ታትሞ ለፊርማ ሲቀርብ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሩአቸው የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና በሌባ ጣታቸው አንድ መስመር አመለከቱኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የዚህ ወረዳ ቍጥር ከየት መጣ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ በቴሌግራም ልከውት ይሆናላ» አልኋቸው።

«በቴሌግራም የመጣውንም እኔው ነኝ የምመዘግበው። እስከ ዛሬ ጠዋት መዝገቤ ላይ አልሰፈረም» አሉ።

ወደ ምንጩ ተመልሰን ብንፈልግ እውነትም አልነበረም። መሣሪያው ባዶ የቀረውን ሣጥን ባየ ጊዜ፣ የጎረቤት ወረዳዎችን ቍጥር የሚመስል ቍጥር ከራሱ አምጥቶ ሞልቶት ኖሮአል። ያም ቍጥር ለመጪው መኸር የሚያስፈልገውን የማዳበሪያ መጠን የሚመለከት ነበር። እንዲያው በጥር ወር አንድ ሐሰተኛ ቍጥር በፊርማዬና በማኅተማችን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ እየወረደ ማዳበሪያ አጥቶ የሚቆመው እኔን አይቶኝ የማያውቅ ገበሬ ነበር። ይህን ባሰብሁ ጊዜ ያ ያማረ አማርኛ አስፈራኝ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው መሣሪያውን ተወው» ይላል። እኔ ግን ጥፋቱን መርምሬ ስመለከተው ከመሣሪያው ይልቅ በራሴ ዘንድ አገኘሁት። ለአዲስ ሠራተኛ እንኳ እንደዚያ አድርጌ ሥራ ሰጥቼ አላውቅም። ምን እንደሚደረግ፣ ምን እንደማይደረግ፣ የጐደለ ሲገኝ ለማን እንደሚነገር ሳልገልጽ፣ የተደባለቀ ወረቀት ወርውሬ «ጥሩ አድርገህ ጻፍ» ማለቴ ነበር ስሕተቱ።

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ ምንድን ነው? ቻት ጂፒቲ የተባለው ለሕዝብ የተከፈተው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ጀሚናይ፣ ክሎድና ሌሎችም በየተራቸው ተከትለዋል። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. በማእከልነት ተቋቁሞ በኋላ ኢንስቲትዩት የሆነው የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በዚሁ መስክ ይሠራል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ከሚሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ዕውቀት ነው።

የመሣሪያው አሠራር በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያጠና ከተደረገ በኋላ፣ ከፊቱ ያሉትን ቃላት አይቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን እየገመተ ይጽፋል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያምር ዕውቀት ይመስለናል። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ዛሬ ጠይቃችሁ ነገ ብትደግሙት፣ መልሱ በቃላቱ፣ አንዳንድ ጊዜም በፍሬ ነገሩ ተለውጦ ታገኙታላችሁ። የመንግሥት ሥራ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እኩልነትን ነው። ለዳንግላው ባለጉዳይ የተሰጠው መልስ ለቻግኒው ባለጉዳይ ከሚሰጠው መለየት የለበትም፤ የመስከረሙ ሪፖርትና የመጋቢቱ ሪፖርትም በአንድ ሚዛን የተመዘኑ ካልሆኑ ሊነጻጸሩ አይችሉም።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው በራሱ አንድ ዓይነት ሥራ ደጋግሞ የማይሰጥ ከሆነ፣ አንድ ዓይነትነቱ ሊመጣ የሚችለው እኛ ከምናበጅለት ሥርዓት ነው። ብልህ ጥያቄ አንድ ቀን ይረዳል፤ የተጻፈ የሥራ ቅደም ተከተል ግን ዓመቱን ሙሉ ይረዳል።

ቅደም ተከተል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማስረዳት ከአገራችን ሊቃውንት የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። የእስክንድርያው ድሜጥሮስ እንዳዘጋጀው የሚነገርለትን ባሕረ ሐሳብን ተመልከቱ። ዓመተ ምሕረቱን ከ5500 ጋር ይደምሩታል፤ ድምሩን ለ19 ያካፍሉታል፤ ከቀሪው አንድ ቀንሰው ወንበር ይሉታል። ወንበሩን በ11 አባዝተው ለ30 ሲያካፍሉ ቀሪው አበቅቴ ይባላል፤ ያንኑ ወንበር በ19 አባዝተው ለ30 ሲያካፍሉ ቀሪው መጥቅዕ ይባላል። 2018 ዓ.ም.ን ብንወስድ፣ 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 12 ነው። ከዚህም አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ሆኖ ይወጣል።

አሁን አንድ ነገር ልብ አድርጉልኝ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ 12ና 18 ደግሞ 30 ነው። ስሌቱ በውስጡ የራሱን ማረጋገጫ ይዞአል ማለት ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ስም አለው፤ አንዱ ሳይፈጸም ወደ ሌላው አይታለፍም፤ የተሳሳተም ሰው የት ላይ እንደ ተሳሳተ ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኘዋል። በጎጃም ያለ መሪጌታ ቢያሰላው፣ በትግራይም በወሎም ያለው ቢያሰላው ውጤቱ አንድ ነው። እኛም በቢሮአችን የምንሻው ይህንኑ ነው፤ ስም ያለው እርምጃና በውስጡ ያለ ማረጋገጫ።

ከውጭውም ዓለም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኦክቶበር 30 ቀን 1935 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ቦይንግ የሠራው ሞዴል 299 የተባለ አዲስ አውሮፕላን ለሙከራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ፤ ሁለት ሰዎችም በዚሁ አደጋ ሞቱ። አውሮፕላኑን የያዙት አብራሪዎች በሙያቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ምርመራው ያገኘው ነገር ትንሽ ነበር፤ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም መሪ ክንፎቹን በነፋስ እንዳይንገላቱ የሚይዘው መቈለፊያ ሳይከፈት ተረስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መፍትሔ ተጨማሪ ሊቅ መፈለግ አልነበረም፤ ከመነሣት በፊት እየተነበበ የሚፈጸም አጭር የእርምጃ ዝርዝር በካርድ ላይ ተጻፈ። ያም አውሮፕላን ቢ-17 ተብሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ12000 በላይ ተሠራ። ዛሬም አብራሪዎች ያለዚያ ዓይነት ዝርዝር ከመሬት አይነሡም።

እንግዲህ ወደ ቢሮአችን እንመለስ። ከዚያ ከማፍርበት ቀን በኋላ በክፍላችን ያቆምነውን ሥርዓት በአምስት ነጥብ ከፍዬ እነግራችኋለሁ።

አንደኛው ሥራን መምረጥ ነው። ለመሣሪያው የሚሰጠው ሥራ የሚደጋገም፣ መልኩ የታወቀ፣ ስሕተቱም ከቢሮ ሳይወጣ በዐይን ሊታይ የሚችል መሆን አለበት። የስብሰባ ጥሪ፣ የመሸኛ ደብዳቤ፣ የቃለ ጉባኤ ማስተካከል፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ከዚህ ወገን ናቸው። የዲስፕሊን ውሳኔ፣ የመሬት ክርክር፣ የሠራተኛ ዕድገት ግን ከዚህ ወገን አይደሉም። በሰው ኑሮ ላይ የሚፈርድ ሥራ ፈራጁ ሰው ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገዱን በእጅ መጻፍ ነው። ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችሁ በፊት፣ ትናንት ለተቀጠረ ወጣት የምታስረዱ ያህል፣ ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያልፍበትን መንገድ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። የኛ የሪፖርት መንገድ እንዲህ ነው። የመጣው ሁሉ በቀኑ ይመዘገባል፤ ያልመጣው በስም ተለይቶ ይጻፍና ለወረዳው ይደወላል፤ ቍጥሩ ሁሉ ወደ አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይገባል፤ ድምሩን ኤክሴል ይሠራዋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መሣሪያው ከሰንጠረዡ ተነሥቶ ሐተታውን ይጽፋል፤ ሰው ያመሳክራል፤ ኃላፊ ይፈርማል። ልብ በሉ፤ ከሰባቱ እርምጃዎች መሣሪያው የያዘው አንዱን ብቻ ነው። ድምር እንኳ አልሰጠነውም፤ ቃል ገማች ሂሳብ እንዲሠራ አይታዘዝምና።

ሦስተኛው ቋሚ የትእዛዝ ቃል ማዘጋጀት ነው። ሰው በየጊዜው በመሰለው አነጋገር ካዘዘ ውጤቱም እንደ አነጋገሩ ይለዋወጣል። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ይጻፍ፤ ቀንና ቍጥር ይሰጠው፤ ሁሉም ያንኑ ይጠቀም። የኛን ላንብብላችሁ፤ «የዞኑን የሩብ ዓመት ሪፖርት ረቂቅ ትጽፋለህ። የምትጽፈው ከዚህ በታች ካለው ሰንጠረዥ ብቻ ነው። በሰንጠረዡ የሌለ ቍጥር፣ ስም ወይም ቀን አትጨምር። ያልደረሰ ካለ አልደረሰም ብለህ ጻፍ። ድምር አትሥራ፤ ድምሩ ተሰጥቶሃል። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ርዝመቱ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። በመጨረሻ የተጠራጠርህባቸውን ነጥቦች ለይተህ ዘርዝር።» ከዚህ ሥር ባለፈው ዓመት የወጣ አንድ ጥሩ ሪፖርት ለናሙና ይያያዛል።

ስለ ዘመን አቈጣጠር ለምን እንደ ጻፍን ልንገራችሁ። መሣሪያው ያጠናው ጽሑፍ አብዛኛው የውጭ አገር ነው። ዝም ብላችሁ «አንደኛ ሩብ ዓመት» ብትሉት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለውን ሊመስለው ይችላል፤ የኛ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። «በሦስት ሰዓት ስብሰባ አለ» ብትሉትም እንዲሁ ይደናገራል። ለኛ ግልጽ የሆነ ነገር ለእርሱ ግልጽ ላይሆን ይችላልና ተጽፎ ይነገረው። በተጨማሪም እነዚህ መሣሪያዎች ጽሑፍን የሚያነቡት እየቈራረጡ ነው፤ የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ በብዙ ስለሚቈራረጥባቸው የአማርኛ ጽሑፍ ወጪው ይበዛል፤ ረጅም ሲሆንም ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ሠላሳ ገጽ በአንድ ጊዜ ከመስጠት በክፍል በክፍል መስጠት ይሻላል።

አራተኛው ማመሳከር ነው። በረቂቁ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቍጥር፣ ስምና ቀን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክቱ የሚደረገውም ከምንጩ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነው። አመሳካሪው ትእዛዙን ከሰጠው ሰው የተለየ ይሁን፤ ሰው የራሱን ስሕተት በራሱ ዐይን አያየውምና። በኛ ክፍል ይህ ሥራ ለእኒያ ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ተሰጠ። ጡረታ እስኪወጡም ድረስ ቀይ እስክሪብቶው ከእጃቸው አልተለየም።

አምስተኛው የስሕተት መዝገብ ነው። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ቀኑ፣ የተገኘው ስሕተት፣ ከዚያም በትእዛዙ ላይ የተጨመረው ቃል ይጻፍበታል። «ድምር አትሥራ» የሚለው ቃል ከዚህ ደብተር የመጣ ነው፤ «አልደረሰም ብለህ ጻፍ» የሚለውም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት ስሕተት ሲሠራ ነውር መሆኑ ይቀርና ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ትምህርት ይሆናል።

ሥርዓቱ ከቆመ ወዲህ ሦስት ቀን የነበረው ሥራችን ወደ አንድ ቀን ተኩል ዝቅ ብሎአል። የተረፈውን ጊዜ ያዋልነው ሪፖርታቸው ወደዘገየባቸው ወረዳዎች ስልክ በመደወል ነው። እንደማምነው የመሣሪያው እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው፤ ከመገልበጥ የተረፈውን ሰዓት ከሰው ጋር ለመነጋገር መስጠቱ።

አሁን ደግሞ ይህ ሥርዓት የማን ንብረት መሆን እንዳለበት ልናገር። በእንጅባራ ጥር 23 ቀን ሲመጣ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንደሚከበር ታውቃላችሁ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዓሉ በደረሰ ቍጥር በከተማው ያሉ መሥሪያ ቤቶች የእንግዳ ጥሪ ደብዳቤ፣ የማረፊያ ዝርዝር፣ የመርሐ ግብር ወረቀት ያዘጋጃሉ። ቀኑ ከዓመት ዓመት የታወቀ፣ የወረቀቱም ዓይነት የታወቀ ሲሆን፣ እኔ የማውቀው አንድ ቢሮ በየዓመቱ ከባዶ ይጀምር ነበር። ለምን ቢባል፣ ያለፈው ዓመት ደብዳቤዎች በአንድ ሠራተኛ ፍላሽ ውስጥ ነበሩ፤ ሠራተኛውም ተዛውሮ ሄዶአል። የትእዛዙን ቃል በግል ስልኩ ብቻ የሚይዝ ሠራተኛም ከዚያ አይለይም፤ እርሱ ሲሄድ ሥርዓቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፣ ትእዛዙና የስሕተት መዝገቡ እንደ ማናቸውም የመንግሥት ሰነድ የፋይል ቍጥር ተሰጥቶአቸው በመዝገብ ቤት ይቀመጡ።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ።

መጀመሪያ፣ ስለ ቋንቋ። መሣሪያው በአማርኛ እየተሻሻለ ቢመጣም፣ በአዊኛ ግን የተጻፈው ነገር ጥቂት ስለ ሆነ የሚያጠናው በቂ ጽሑፍ አላገኘም። አዊኛ ጻፍ ቢሉት ብዙውን ጊዜ እምቢ አይልም፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሲያየው አዊኛ የሚመስል ነገር ሊጽፍ ይችላል። ለሕዝብ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በአዊኛ ሲወጣ፣ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ሳያነበው መለጠፍ የለበትም። ወደ ቢሮ የመጣ አዛውንት በገዛ ቋንቋው የተጻፈውን ማስታወቂያ አንብቦ ካልገባው፣ መሣሪያውን ሳይሆን መንግሥትን ነው የሚታዘበው።

ሁለተኛ፣ ስለ ምስጢር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቶአል። የሠራተኛ ማኅደር፣ የሕመምተኛ ካርድ፣ የባለጉዳይ የመታወቂያ ቍጥርና ስልክ ወደነዚህ መሣሪያዎች ሲገባ ከአገር ውጭ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ሊያርፍ ይችላል። የትእዛዛችን ወረቀት የመጀመሪያ መስመር «የሰው ስምና መለያ ከሰንጠረዡ ወጥቶአልን?» የሚል ጥያቄ ቢሆን መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ መቋረጥ። ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም አንዘነጋውም። መብራትም ይጠፋል። ሥራችን በመሣሪያው ላይ ብቻ ከቆመ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቀን ቢሮው ይዘጋል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን በእጅ ጻፉ ያልሁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከሰባቱ እርምጃዎች ስድስቱ ያለ መሣሪያው ይሄዳሉ፤ የቀረውንም አንድ እርምጃ ሰው በብዕር ይሠራዋል። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሆን ተብሎ ሪፖርቱ ያለ መሣሪያው ቢጻፍ፣ እጃችን ሥራውን አይረሳም።

ስለ መደጋገም ይህን ያህል ከተናገርሁ ዘንድ፣ የመደጋገምንም አደጋ ሳልጠቅስ ባልፍ በደል ይሆናል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነት እጅግ የሚያስመሰግን ቅደም ተከተል አበጅተዋል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያበቅላሉ፤ ቀጥሎ በዛፉ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳሉ፤ አራትና አምስት ዓመት ሲሆነው ቈርጠው ከሰል ያወጣሉ፤ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። በዚህ የብዙ ቤተ ሰብ ኑሮ ተሻሽሎአል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በሽታ ገብቶ ተክሉን ጐዳው፤ አካባቢው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ስለ ነበር ጉዳቱ ሰፋ።

ከዚህ የምንማረው መደጋገምን መተው አይደለም። የሚደጋገም ነገር ሁሉ ጥቅሙ እንደሚባዛ ስሕተቱም እንደሚባዛ ማወቅ ነው። በአንድ የትእዛዝ ቃል ውስጥ የገባች ስሕተት በአንድ ደብዳቤ አትቀርም፤ በመቶው ደብዳቤ ላይ ትደገማለች። ስለዚህ ሥርዓቱን ያቆመ ሰው በየሩብ ዓመቱ ቆም ብሎ ይመርምረው፤ መሣሪያው ራሱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ትናንት የሠራው ትእዛዝ ዛሬም በትክክል መሥራቱን በአንድ የቈየ ሪፖርት ይፈትነው።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ አዊ የፈረስ አገር ነው። ጥር 23 ቀን ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ፈረሱ ያለ ልጓም እንደማይለቀቅ፣ ጋላቢውም ልጓሙን ከእጁ እንደማይለቅ ነው። አባቶቻችንም «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ይህም መሣሪያ ፈጣን ፈረስ ነው፤ የተጻፈው ቅደም ተከተል ልጓሙ ነው። ረቂቁ ዘንድ ያደርሰናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለትም ቍጥሩን ከምንጩ ማየት፣ ባለጉዳዩን ማሰብ፣ ስምን ከወረቀት ሥር ማኖር፣ የኛ ነው።

ነገ ጠዋት ቢሮአችሁ ስትገቡ ብዙ ነገር አድርጉ አልላችሁም። በየወሩ ከሚደጋገሙባችሁ ሥራዎች አንዱን ብቻ ምረጡ፤ መንገዱንም በአንድ ወረቀት ጻፉ። የመጣላችሁ ረቂቅ ምንም ቢያምር፣ ከመፈረማችሁ በፊት እኒያ እናት የጠየቁኝን ጥያቄ ጠይቁ፤ «ይህ ቍጥር ከየት መጣ?» ለዚህ መልስ ያለው ሰው ያለ ፍርሃት ይፈርማል። መልስ የሌለው ብዕሩን ያስቀምጥ።